ሚኪ፣ ዘንዶውና የጨረቃ ቤታችን

ባለፈው ሰሞን የምንኖርበትን ኮንዶሚኒየም የደረጃ ብረት ቀለም ይቀቡት ነበርና፣ ከሥራ ተመልሼ ገና መግቢያው ላይ ስደርስ የዘይት ቀለምና የአኳራጅ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ካለበት አልንቀሳቀስ አለ። ሰዎቹ የሚቀቡት አረንጓዴ ነበር፤ እኔን የሸተተኝ ግን ቀይ ነው። ቀለም በጠረኑ ይለያል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እለየዋለሁ። ቀይ ከሆነ የሱሉልታ ጉም አብሮት ይመጣል፣ እርጥብ ጭድና የበሰበሰ ሣር ይመጣል፣ በብርድ የተሰነጣጠቁት የታናሽ ወንድሜ የሚኪ ትንንሽ እጆች ይመጣሉ፤ ከነሱ ኋላ ደግሞ፣ ከሩቅ፣ ያ የሞተር ድምፅ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሱሉልታ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ፣ ላሞች የሚግጡበትን ረግረግ ሜዳ ተሻግራችሁ፣ ጥጉ ላይ። ሰፈራችን የጨረቃ ቤቶች ሰፈር ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የጨረቃ ቤት ማለት ሰው ከገበሬ ላይ ቦታ በውል ገዝቶ፣ ያለ ፈቃድ፣ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስቦ በአንድ ሌሊት የሚያቆመው ቤት ነው። ሲነጋ ደንብ አስከባሪዎች ይመጣሉ። ቤቱን ባዶውን ካገኙት ያፈርሱታል፤ ሰው ካለበት ግን ያመነታሉ፣ አንዳንዴም ትተውት ይመለሳሉ። ስለዚህ ሰው ማገሩን ከማሰሩ በፊት ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚተኛ ያስብ ነበር። ሽማግሌ ጥሩ ነው፤ በሽተኛ ይበልጣል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን አራስ ነው።

አባዬ የኛን ቤት ያቆመው እናቴ ሚኪን በወለደች ሰሞን ነው። አባዬ ግንበኛ ነበር፤ ለገጣፎ ለሀብታሞች ቪላ እየገነባ ለራሱ የጭቃ ቤት መረገ። ጭቃው ገና ሳይደርቅ እናቴን አምጥተው አልጋ ላይ አስተኟት፤ ጠዋት ሰዎቹ በሩን ገፍተው ሲገቡ ያገኙት አራስ ሴትና በፎጣ የተጠቀለለ ሕፃን ነበር። አለቃቸው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ወጣ ይባላል። ይህ ታሪክ እኛ ቤት በየበዓሉ ይነገር ነበር። አባዬ ሚኪን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ «ይህን ቤት እኔ ብሠራውም ያቆመው እሱ ነው!» ይል ነበር፤ እንግዳውም «እሰይ የኔ ጀግና» እያለ ጉንጩን ይስመው ነበር። ሚኪ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶት አደገ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ባዶውን ሆኖ አያውቅም። ለቅሶ ሲደርስ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል፤ ጥምቀትን እንኳ በፈረቃ ነበር የምናከብረው። አባዬ ወደ ሥራው፣ እናቴ ወደ ሰው ቤት ልብስ አጠባ ሲሄዱ፣ እኔ የምማረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ጠዋት የቤቱ ጠባቂዎች እኔና ሚኪ ነበርን። እኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እሱ አምስትን ገና መያዙ ነበር።

መጫወቻው የመጣው በክረምት ነው። የሱሉልታን ክረምት የማያውቅ ሰው ጉምን አያውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ ተንከባሎ ይመጣና ሜዳውን ይውጠዋል፤ ላሞቹ አይታዩም፣ ሲያመነዥኩና ሲያነጥሱ ብቻ ይሰማሉ፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የእትዬ ዘይነባ ሱቅ እንኳ ጠፍቶ መስኮቱ ላይ ያለችው አምፖል ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። እንዲህ ባለ ማምሻ አባዬ ኮቱ ሥር አንድ ነገር ሸጉጦ ገባ። የሚሠራበት ቪላ ባለቤት፣ «የኔው አድጎበታል፣ ልጆች ካሉህ ውሰድላቸው» ብላ የሰጠችው ካርቶን ነበር።

ካርቶኑ ላይ፣ አለት ላይ የተሠራ ባለ ብዙ ግንብ ቤተ መንግሥት ተሥሏል። አንዱን ግንብ ክንፍ ያለው አረንጓዴ ዘንዶ ተጠምጥሞበት እሳት ይተፋል፤ በመስኮት ሹል ቆብ የደፋች አሮጊት ጠንቋይ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ደጃፉ ላይ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ቆሟል። ውስጡ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ቀጭ እያለ የሚገጥም፣ ግራጫና ጥቁር የሆነ ትንንሽ ፕላስቲክ ሞልቶበታል፤ እኛ የአባታችን ልጆች ነንና ወዲያው «ብሎኬት» አልነው። አባዬ ከሥሩ ሥራውን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት ሲያገኝ ፊቱ በራ።

«ብርቄ፣ ነይ እይ እስቲ! ይሄ እኮ ፕላን አለው!»

እናቴ ከምድጃው ቀና እንኳ ሳትል፣ «ከኛ ቤት ተሻለ በለኛ» አለችው።

እንደ ተሰጠ ነገር ሁሉ የጎደለው ነበረው። ዘንዶው አንድ ክንፍ የለውም፤ የቤተ መንግሥቱም በር ጠፍቷል። ግን ማን ግድ ሰጥቶት! ያን ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ እኔና ሚኪ አልጋው ሥር ባለችው ደረቅ ቦታ በሆዳችን ተኝተን፣ እኔ ወረቀቱን እያየሁ የሚፈለገውን ብሎኬት ስጠራ፣ እሱ ከክምሩ ውስጥ እየፈለገ ሲያቀብለኝ፣ ጠዋቱ ምሳ ሰዓት ይሆን ነበር። እየገነባሁ ተረት እፈጥርለታለሁ፤ እሱ ግን ተረቴን ዝም ብሎ የሚቀበል ልጅ አልነበረም።

«ዘንዶው የመጣው ንጉሡን ሊበላው ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«አይደለም። ዘበኛ ነው።»

«ዘንዶ ደግሞ ምን ሲል ዘበኛ ይሆናል?»

«ክንፉ ተሰብሮ ሥራ አጥቶ ነበር። ንጉሡ አዘነለትና ቀጠረው።»

በቃ፣ ዘንዶው ዘበኛ ሆነ። ጠንቋይዋን ደግሞ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ስለምታይ «እትዬ ዘይነባ» አልናት። ይህን ወሬ ማን እንዳደረሳት እንጃ፣ አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ብሄድ እትዬ ዘይነባ ወገቧን ይዛ ጠበቀችኝ። «አንቺ ትጊ! እኔን ነው ጠንቋይ ያደረጋችሁኝ? ወላሂ፣ ከረሜላ ስታምራችሁ ከዘንዶው ጠይቁ!» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከረሜላውን ግን ሰጠችኝ።

ሚኪ አንድ ሕግ ነበረው፤ ቤተ መንግሥቱ ባዶውን አይሆንም። ንጉሡን በእጁ ይዞ ወደ ደጅ ሲወጣ በምትኩ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ዙፋኑ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ጣቱን እንደ ሽማግሌ ቀስሮ፣ «ሰው ያለበት ቤት አይፈርስም» አለኝ። ሳቅሁበት። የሚያስቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ቢጫ አበባ ሲለብስ፣ ከአስፋልቱ በኩል አንዲት ነጭ መኪና መመላለስ ጀመረች። ባለ ሦስት እግር መነጽር ያላቸው ሰዎች ከውስጧ ይወርዱና፣ አንዱ በመነጽሩ አጎንብሶ ሲያይ ሌላው ራቅ ብሎ ቀይና ነጭ ዘንግ ይዞ ይቆማል። ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ሴቶች ውሃ ሲያቀርቡላቸው አመስግነው አይጠጡም ነበር፤ ይህን እናቴ አልወደደችውም። «የሰው ውሃ የማይጠጣ ሰው ለደግ አይመጣም» አለች፣ ሌሎቹ ግን «ጥንቁቅ ናቸው፣ የመንግሥት ሥራ ላይ ናቸው» ብለው ዘጓት።

ጥቅምት ላይ፣ ያ ደረቅ ብርድ በገባ ሰሞን፣ ቀለም ይዘው መጡ። ከላይ ጀምረው በየበሩ ላይ በቀይ ቁጥር ይጽፉ ጀመር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃቸውን «ለሥራ ነው» ከማለት በስተቀር አልመለሱለትም። ሰው ሳይነገረው ሲቀር የልቡን ይሰማል አይደል? እስከ ማምሻው ድረስ ሰፈሩ በሙሉ፣ «ተመዘገብን! ካርታ ሊሰጡን ነው!» ብሎ እልል አለ። ቁጥር ያገኘ ቤት ጠላ ጠመቀ። አንዲት ሴት ቁጥሩን ዝናብ እንዳያጥበው ብላ በላዩ ላይ ላስቲክ ለጠፈችበት።

ለኛ ግን አልተጻፈልንም። ሰዎቹ ከቤታችን በላይ የምትወርደው ትንሿ ቦይ ጋ ሲደርሱ ቀለማቸውን ከድነው ተመለሱ። ከቦዩ ወዲህ ያለነው እኛና የእትዬ ዘይነባ ሱቅ ብቻ ነን። እሷ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ አባዬ ግን እህል አልወርድለት አለ። በማግሥቱ ሥራ ቀርቶ ሲለምናቸው ዋለ። ሲመለስ የዘመድ ሞት የተረዳ ይመስል ነበር። «ከቦዩ ወዲያ ያላችሁትን አይመለከትም አሉኝ» አለ። «ሰው ሁሉ ካርታ ሲይዝ እኛ እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ልንቀር ነው።»

በዚያው ሰሞን ነው ኦቦ ቶሎሳ ከብቶቻቸውን እየነዱ በደጃችን ያለፉት። ቦታውን ለአባዬ የሸጡለት እሳቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ ሲያልፉ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፣ እኔም በቋንቋቸው ደህና ለማለት «ነጋ» እላቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰላምታውን ረስተው በትራቸውን ተደግፈው በላይኞቹ በሮች ላይ ያለውን ቀይ ቁጥር ሲያዩ ቆዩ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት» አላቸው አባዬ። «ለኔም እንዲጻፍልኝ ለሚያውቁት አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ምናለ?»

«ጌታቸው ልጄ» አሉት፤ «በኛ በኩል በቀይ ምልክት የሚደረግበት ለገበያ የሚነዳ ከብት ነው። ለቤት የሚቀረው ምልክት የለውም።» ከብቶቻቸውን በፉጨት ጠርተው ወደ ሜዳው ወረዱ።

አባዬ ሽማግሌ ነገር ያበዛል ብሎ አልሰማቸውም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከሥራ ቦታው ያመጣትን ትንሽ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ከፍቶ፣ ከቦዩ ማዶ ካለው ጎረቤት ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር በገዛ በራችን ላይ ጻፈ። እጁ የግንበኛ እጅ ነው፣ የነሱን የቁጥር አጣጣል አስመስሎ ቁጭ አደረገው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር።

«ጌታቸው፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነብህ እኮ።»

«ዝም በይ አንቺ። ካርታው ሲመጣ ትስሚኛለሽ።»

ቀለሙን አብዝቶት ኖሮ ከመጨረሻው ቁጥር ሥር አንዲት ጠብታ ተንሸራታ እስከ በሩ ደፍ ወረደች። ሽታው ለቀናት ከቤት አልወጣም፤ ውኃውም፣ ቂጣውም፣ ትራሴም ቀለም ቀለም ይሉ ነበር። ሚኪ ደግሞ ከቆርቆሮው ጥግ የተረፈውን በክብሪት እንጨት ነክሮ ቤተ መንግሥቱ ላይ አንድ የተጣመመ ነገር ጫረ። «የኛም ተመዝግቧል» አለ፣ ኮርቶ።

በጋው ረጅም ነበር። ሜዳው ደርቆ ተሰነጠቀ፣ ነፋሱ አቧራ እያነሣ በሩን ይደበድብ ነበር። ካርታው አልመጣም፤ ነጭዋም መኪና ቀረች። እናቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መቀመጥ ተወች። ውሾች በቀን ያላዝኑ ነበር፤ ቢያንስ እኔ አሁን ሳስበው ያላዘኑ ይመስለኛል። እኛ ግን አልጋ ሥር ሥራችንን አላቆምንም። ግንቦቹ ቆሙ፣ ድልድዩ ተሠራ። አባዬ አንድ እሑድ ከባሕር ዛፍ ስንጣሪ የጠፋውን በር በጩቤ ቀርጾ ሰጠን፤ በእውነተኛ ማጠፊያ ፈንታ የሽቦ ቁራጭ አደረገለት፣ ይከፈታል ይዘጋል። ሚኪ ያን ቀን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። ዘንዶውን ደጃፉ ላይ አጋደመው፤ ቤተ መንግሥቱ አለቀ።

የመጡት ጾም ሊገባ ባለ ሰሞን፣ ያለ ወትሮው በበጋ ጉም በወረደበት ጠዋት ነው። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ከመሬቱ ሥር የሚወጣ የሚመስል፣ ሽክናው ላይ ያለውን ውሃ የሚያንቀጠቅጥ። ከዚያ ቢጫው ዶዘር ጉሙን ቀዶ ወጣ፤ ከኋላውና ከፊቱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከላይ ጀመሩ። «ዕቃ አውጡ! ዕቃ አውጡ!» የሚል ጩኸት፣ ከዚያ የቆርቆሮ መቀደድ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና። ቁጥር ያለበት በር ሁሉ እየተነካ መጣ። ሰፈሩ ያኔ ነው ቁጥሩ ምን እንደነበረ የገባው።

አባዬ ገብቶት ከቤት ወጥቶ ወደ ቦዩ ሮጠ። ዶዘሩ ቦዩን በአፈር ደፍኖ ወደኛ ሲሻገር መንገዱ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ይሄ አይመለከተውም! ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት!»

ሰዎቹን የሚመራው ወጣት በድካም አየው። «ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልማለልኝ ሰው የለም። ዕቃህን አውጣ።»

«ኦቦ ቶሎሳ ይመስክሩ! ዘይነባ፣ ንገሪያቸው!»

እትዬ ዘይነባ ከሱቋ ወጥታ በአላህ ስም እየማለች ጮኸች፤ ግን በዚያ ጠዋት የማይጮኽ ማን ነበር? እናቴ አልጋ ልብሱን፣ ድስቱን፣ የበርበሬውን ዕቃ ወደ ሜዳው እየወረወረች ቆይታ ድንገት ቀጥ አለች።

«ሚኪስ?» አለች። ወደ እኔ ዞራ፣ «ትጊ፣ ሚኪ የት ነው?»

የት እንዳለ አውቄአለሁ። እሱ ሌላ የት ሊሆን ይችላል?

ስገባ ቤቱ ባዶ ነበር፤ አልጋው ተነሥቶ ቤተ መንግሥቱ መሬቱ ላይ ብቻውን ቆሟል። ሚኪ ከጎኑ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከግድግዳው ምርግ ላይ ጭድና አቧራ እየረገፈ ፀጉሩን አልብሶታል።

«ሚኪ፣ ተነሥ! እንውጣ!»

«አልወጣም» አለኝ፣ ምንም ሳይፈራ። «እኔ ካለሁ አይፈርስም። ያኔም እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

ጎተትኩት። ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ተለጠፈበት፤ ጉልበቴ አልበቃም። የሞተሩ ድምፅ ግድግዳው ሥር ደርሷል። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ጎትቶ ማውጣት አቃተኝና ከጎኑ ተንበረከክሁ፤ ድምፄን እንደ ጠዋቶቻችን ድምፅ አደረግሁት።

«ንጉሡ እኮ ዛሬ አገር ሊጎበኝ ይወጣል» አልኩት። «ሠረገላው ደጅ ቆሟል። ንጉሡን ይዞ የሚወጣ ሰው ጠፋ።»

ጭንቅላቱን አነሣ። «ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«ዘንዶው።»

«ብቻውን?»

«ዘበኛ አይደል? ደመወዝ የሚበላው ለምንድን ነው?»

ይህን አመዛዘነው። እውነት እላችኋለሁ፣ ያ ሁሉ መሬት እየተንቀጠቀጠ ልጁ ይህን አመዛዘነው። ከዚያ ምሰሶውን ለቀቀ፣ ንጉሡን ከዙፋኑ አነሣው፣ ዘንዶውን ወደ በሩ አስጠግቶ «እንዳትተኛ» አለው፤ ያን ጊዜ ወገቡን ይዤ ሮጥኩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ሁለታችንንም ተቀበለችን። ጥቂት እንደራቅን ግድግዳው ወደ ውስጥ ተጣጠፈ፤ ቆርቆሮው እንደ ሰው ጮኸ፤ የተነሣው አቧራ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ቤታችን ከነበረበት ላይ ለረጅም ጊዜ አልወርድ አለ።

ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። የእትዬ ዘይነባን ሱቅ አልነኩትም፤ ቁጥር አልነበረበትማ። እቃ ማስቀመጫ ክፍሏን ባዶ አድርጋ፣ በስኳር ጆንያዎቿ መካከል ፍራሽ አንጥፋ አስተኛችን። ሚኪ ያን ቀን አላለቀሰም፤ ንጉሡን ጨብጦ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። ማምሻውን እናቴ ሻይ ስታቀርብለት ነው አፉን የከፈተው።

«ስወጣ ፈረሰ» አለ።

 አባዬ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሜዳው ላይ ቆሞ ጀርባውን ብቻ አየሁት። ስለዚያ ቁጥር እስኪሞት ድረስ አላነሣም፤ እናቴም አንድም ቀን አላነሣችበትም፤ የሚጣሉ ቀን እንኳ። ካርታ የሚባል ቃል ከቤታችን ወጣ። ዘንዶውን ሚኪ በኋላ ብዙ ቀን ፍርስራሹ ውስጥ ፈልጎት ነበር፤ አላገኘውም፤ እኔም ሌላ ተረት አልጨመርኩበትም።

የእትዬ ዘይነባ ሱቅ ዛሬም እዚያው ቆሟል። እኛ ግን ከሱሉልታ ወጥተን፣ ተከራይተን፣ ተንከራትተን፣ አሁን እኔ ገላን በስሜ የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ሚኪ እዚያው ገላን መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ በቤቴ በር ሲገባ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። አንዲት ልጅ አለችኝ። እኔ እኮ እንዲህ ያለ መጫወቻ አልገዛላትም ብዬ ነበር፤ የገዛላት እሱ ነው። እሑድ እሑድ ምንጣፉ ላይ ተጋድመው ይገነባሉ፤ የሷ ቤተ መንግሥት ሐምራዊ ነው፣ ፈረሶቿ ቀንድ አላቸው፣ ምንም አልጎደለውም።

እኛ የሠራነውን አፍርሰን አናውቅም ነበር። ልጄ ግን መገንባቱን የምትወደው ለማፍረሱ ነው። ሲያልቅ ትነሣና እጇን ከፍ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ አሁን እንናደው!» ትላለች። እኔ እዚህ ጋ ኩሽና ሥራ አለኝ ብዬ እነሣለሁ። ሚኪ ግን ይቀራል። መጀመሪያ ግን «ቆይ፣ የኔ እናት» ይላትና፣ እነዚያን ወፍራም ጣቶቹን በመስኮቶቹ እያስገባ ንግሥቲቱን፣ ወታደሮቹን፣ ፈረሶቹን፣ ጓዳ ውስጥ የተደበቀችውን አይጥ ሳይቀር አንድ በአንድ እያወጣ ሶፋው ላይ ይደረድራቸዋል። ልጄ ትዕግሥቷ አልቆ ትዘላለች። እሱ ጎንበስ ብሎ በየክፍሉ አንድ ጊዜ ደግሞ ያያል።

«ማንም የለም» ይላታል። «አሁን ይቻላል።»